ቁርጭምጭሚትህ ወደ ውስጥ ስለወደቀ ብቻ ጠንካራውን ጫማ አትግዛ

ወንድሜ፣ «በረዶ ላይ ስቆም ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ባለሙያ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን ጠንካራ የሆኪ ጫማ ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ሳታወጣ በፊት ስማኝ።

1. ቁጥሩን አሳንስ። የሆኪ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከዘወትር ጫማህ ከ1 እስከ 1.5 ቁጥር ያንሳል። ተረከዝህ ውስጡ ብድግ ካለ የትኛውም ጥንካሬ አይዝህም። እኔ «ይመቸኛል» ብዬ ሰፊ ወሰድኩ፤ የቁርጭምጭሚቴ ጣጣ የጀመረው ከዚያ ነው።

2. ጥንካሬ። የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ ከሁሉም ደረቁን ገዛሁ። መቆሙንስ ቆምኩ። ጉልበቴ ግን አልታጠፍ አለ። ከጫማው ሥር ያለው ብረት ወደ ፊት የሚንሸራተት ስለሆነ ወደ ኋላ ብትገፋ የምትረግጠው ነገር የለህም። የምትገፋው ወደ ጎን፣ በውስጠኛው ጠርዝ ነው። ለዚያ ዝቅ ማለት አለብህ፤ ዝቅ ለማለት ደግሞ ቅልጥምህ ወደ ፊት መጋደም አለበት። ጫማው እንቢ ሲል ከወገብህ ትጎነበሳለህ፣ ግፊትህም ያጥራል። የፍጥነት ተንሸራታቾች ተረከዙ ከብረቱ የሚላቀቅ ጫማ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን በናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ጎልቶ የታየው እሱ ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን እስከ መጨረሻ ዘርግተው ይገፋሉ። የእኛ ብረት ግን ተረከዙም ላይ የታሰረ ነው። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ጉልበትና ዳሌ ላይ ይወድቃል። ጉልበቱን ከከለከልከው ምን ቀረህ?

ወራት ሙሉ ወገቤን ሲያመኝ ስንፍናዬ መስሎኝ ነበር። አንድ የቡድን ጓደኛዬ የጫማዬን ክር ፈታና «የላይኛዋን ቀዳዳ ተዋት» አለኝ። በዚያው ቀን ጉልበቴ ታጠፈ። ዛሬ ተከላካይ ነኝ፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተትኩ ከአጥቂ ጋር እኩል እሄዳለሁ።

3. ብረቱን የሚስልልህን ሰው ምረጥ። ይሄን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ብረቱ ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ ቀስት ነው፤ በረዶውን የሚነካው የመሃሉ አጭር ክፍል ብቻ ነው። ቀስቱ ሲበዛ ቶሎ ትዞራለህ፣ ሲለጠጥ ተረጋግተህ ትንሸራተታለህ። ከሥሩ ደግሞ ጎድጎድ ይላል፣ ግራና ቀኙ ጠርዝ ነው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ በረዶውን ይነክሳል፣ ሲሳሳ ፍጥነት ይሰጥሃል። እኔ የወሰድኩለት ሰው ምን እንደምፈልግ እንኳ ሳይጠይቀኝ ሳለውና አንዱን ጠርዝ ከሌላው አስበለጠው። እግሬ በራሱ ወደ አንድ ወገን ሲሄድብኝ ተመልሼ ነገርኩት። «መንሸራተት ሳትችል ብረት ትወቅሳለህ?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ።

አንተም ገንዘብህን ሳታወጣ ጫማውን ገልብጠህ ያዘው። ብረቱ ላይ ሳንቲም አጋድምና በዓይንህ ትክክል ተመልከት። ሳንቲሙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መጀመሪያ የሚስተካከለው ብረቱ ነው።