አራተኛው ጋዝ ከመሞላቱ በፊት

እህቴ፣ እዚህ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ለሚገኘው ጭማቂ ቤትሽ የገዛሽው ፍሪጅ ሦስት ጊዜ ጋዝ እንደተሞላለት፣ ግማሽ ቀን አቀዝቅዞ እንደሚያቆምና ሌሊቱን ከሶኬት ተነቅሎ ካደረ ጠዋት እንደ አዲስ እንደሚሠራ ጽፈሻል። አሁንም ባለሙያው «ጋዙ አልቋል» ብሎሽ ለአራተኛ ጊዜ ልታስሞዪ ነው። እባክሽ አታስሞዪ።

ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ካነሰ የሆነ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ ሦስት ጊዜ መሙላት ገንዘብሽን ሜዳ ላይ መበተን ነው። ያንቺ ምልክት ደግሞ ጋዝ ከማነስም ይለያል። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ አርፎ ሲነሳ አይሻለውም፤ ያንቺ ግን ይሻለዋል። ይህ ቱቦው ውስጥ እርጥበት የገባበት ፍሪጅ ጠባይ ነው። ጋዙ ካፒላሪ በሚባለው ቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ሲወጣ በአንዴ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አብሮት ያለችው ጠብታ ውሃ እዚያው አፉ ላይ በረዶ ሆና ትደፍነዋለች። ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ይሠራል፤ የሚያልፍ ጋዝ ግን የለም። ፍሪጁ ሲጠፋ በረዶው ይቀልጥና መንገዱ ይከፈታል።

ይህን በእጄ ያየሁት አዘዞ ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት ነው። ክረምት ነበር። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፤ ከጀርባ ያለውን ሙቀት አውጪ ቱቦ፣ ኮንደንሰሩን፣ ስዳስሰው ግን ምንም ሙቀት የለውም፤ የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ መርፌም ከዜሮ በታች ወርዷል። ጋዝ ያነሰ ይመስላል። ልጨምር ሲሊንደሩን ካነሳሁ በኋላ ትቼ ጨርቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ካፒላሪው ከማቀዝቀዣው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠቀለልኩት። ብዙም አልቆየ፣ «ሽው» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መርፌውም ቀስ እያለ ተነሳ። ጋዙ ለካ እዚያው ነበር። ያን ጊዜ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ በረዶው ሲቀልጥ ጋዙ ከልክ ያልፍ፣ ግፊቱም ኮምፕሬሰሩን እያጋለ ያቃጥለው ነበር። ያንቺም ባለሙያ ይህንኑ ፈተና ፊትሽ ይሥራው።

ድምፁ ከተሰማ ሥራው ከባድ ቢሆንም የታወቀ ነው። ጋዙ ይወጣል፤ ቱቦው በናይትሮጅን ተሞልቶ ብየዳዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። በኦክስጅን የሚፈትሽ ሰው ካየሽ አስቁሚው፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ጋዙን የሚያጣራውና እርጥበት የሚይዘው ፊልተር የግድ በአዲስ ይለወጣል፤ አሮጌው እርጥበት ጠግቧል። ከዚያ ረጅም ቫኪዩም ይሳባል፤ ማለትም ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። ቱቦውን ጋዝ ለቆ «ማጠብ» ውሃውን አያወጣውም፤ በተለይ አር134ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠሩ ፍሪጆች ዘይት እርጥበትን አጥብቆ ይይዛል።

ቫኪዩም ላይ ጎንደር ለብቻዋ መታሰብ አለባት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እንኳ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ፓምፑ ጥሩ ቢሆንም የጌጁ መርፌ በቫኪዩም ልኬት 23 ኢንች አካባቢ ላይ ይቆማል፤ መጽሐፍ ላይ ያለው 30 አይደርስም። ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ደኅናውን ፓምፕ ሲወቅሱ አይቻለሁ። ጋዝ ሲሞላም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ጌጁ እዚህ ከባሕር ጠለል ሰንጠረዥ በ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ከፍ ብሎ ያነባል። ሰንጠረዡን አምኖ የሚሞላ ሰው አሳንሶ ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ በጌጅ ሳይሆን በሚዛን ይሞላ፤ ግራሙ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ወረቀቱ የጋዙን ዓይነት አር600ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነውና ጋዙ ከቱቦው ሳይወጣ፣ ቤቱም ሳይናፈስ እሳት አይቅረብ።

የኮንደንሰሩን አቧራ በብሩሽ ጥረጊ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይቆይ አይነሳ፤ አዘግይቶ የሚያበራ ስታቢላይዘር ይህን ይሠራልሻል።

ጨርቁ ተጠቅልሎ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ግን የፊልተሩን ሁለት ጫፎች በጣትሽ ንኪ። መውጫው ከመግቢያው ቀዝቅዞ ወይም ላብ አውጥቶ ካገኘሽው የተደፈነው ፊልተሩ ራሱ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቫኪዩም ፓምፕና ሚዛን ሳይዝ ለሚመጣ ባለሙያ ግን ፍሪጅሽን አትክፈቺለት።