የድሮ የጃፓን ሜዳይ ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? ጥያቄና መልስ

የድሮ የጃፓን ሜዳይ የገዙ፣ ከዘመድ ያገኙ፣ ሊገዙም ያሰቡ አንባቢዎች ጥያቄ ተጠራቅሟል። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሪባኑ ሥር ባለችው የብረት ማንጠልጠያ ላይ አራት ፊደል ተቀርጿል። ሻጩ ዓመተ ምሕረቱ ነው አለኝ። እውነቱን ነው?»

አይደለም። አራቱ ፊደላት «ጁጉን ኪሾ» ነው የሚሉት፤ የዘመቻ ሜዳይ ማለት ነው። ከቻይና ጋር ለተደረገው የ1894–95 ጦርነት የተሰጠውም፣ በ1930ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ላለችው ማንቹሪያ ዘመቻ የተሰጠውም ይህንኑ ይላል። ማንጠልጠያዋ የሜዳዩን ዓይነት እንጂ ዘመኑን አትነግርዎትም።

ለሌላ ነገር ግን ትጠቅማለች። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ መነበብ አለበት፤ በዚያ ዘመን አግድም የሚጻፈው እንዲያ ነበር። እንደ ዛሬው ጃፓንኛ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

«ታዲያ ዓመቱን የት ልፈልግ? ጃፓንኛ አልችልም።»

ጀርባውን ይገልብጡ። ዓመቱ የሚቆጠረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። ሜይጂ ከሆነ 1867፣ ታይሾ ከሆነ 1911፣ ሾዋ ከሆነ 1925 ይደምሩበት።

ቁጥሮቹ አያስፈሩም። ከአንድ እስከ ሦስት በአግድም መስመር ይጻፋሉ፤ አሥር ደግሞ የመስቀል ቅርጽ አለው። ከሩሲያ ጋር ለተደረገው ጦርነት በተሰጠው ሜዳይ ጀርባ ላይ ሦስት መስመር፣ ከሥሩ መስቀል፣ ከዚያ ሰባትና ስምንት ያገኛሉ። ሜይጂ 37–38፣ ማለትም 1904–05 ነው። የቻይናው ጦርነት 27–28 ስለሆነ መስመሩ ሁለት ብቻ ነው። በአንዲት መስመር አሥር ዓመት!

የሁለቱም ሪባን አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ ነጭ ነው፤ የሩሲያው መሐሉ ላይ ሰማያዊ ተጨምሮበታል። በሪባን ብቻ ግን አይፍረዱ። ጨርቅ ያረጃል፣ ይቀየራል።

ዓመት የሌለበትም አለ። ከ1937 ጀምሮ በቻይና ለተዋጉት የተሰጠው ሜዳይ የሚታወቀው ፊቱ ላይ ባለው ባለ ሦስት እግር ቁራ ነው።

«ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ሜዳይ አለኝ። ሪባናቸውም ማንጠልጠያቸውም አንድ ነው። አንዱ ቅጂ ይሆን?»

ላይሆን ይችላል። ይህ ጥያቄ ብዙ ሰብሳቢዎችን ያደናግራል። ጃፓን ለዚያ ጦርነት በአንድ መልክ ሁለት ሜዳይ አውጥታለች፤ ሪባኑም ያው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ነጭ ነው። ልዩነቱ ጀርባው ላይ ነው። አንደኛው «ታይሾ 3–4» ይላል፤ ጀርመኖች ይዘውት የነበረው የቻይና ወደብ ቺንግዳኦ የተወሰደበት ጊዜ፣ 1914–15 ነው። ሁለተኛው «ከታይሾ 3 እስከ 9» ይላል፤ እስከ 1920 ስለሚዘልቅ ጃፓን በሩሲያዋ ሳይቤሪያ ያደረገችውን ዘመቻም ይጨምራል።

ሪባኑ ቀስተ ደመና የሚመስል ሦስተኛ ካገኙ እሱ የተባባሪዎቹ አገሮች የድል ሜዳይ ነው። ከሌሎቹ አገሮች አብዛኞቹ ክንፍ ያላትን የድል አምላክ ሲቀርጹ፣ ጃፓኖች የራሳቸውን የጦር አምላክ ታኬሚካዙቺን ነው የቀረጹት።

«የቀይ መስቀል ሜዳዬ ሜይጂ 21 ይላል። የ1888 ዕቃ ነው ማለት ነው?»

በዚያ ብቻ አይባልም። ሜዳዩ የተቋቋመበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲታደል ያው ቁጥር ነበረበት። «የ1888 ኦሪጅናል» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

«የክብር ሜዳይ ሪባን ላይ ትናንሽ የብር ሳንቃዎች አሉ። ጌጥ ናቸው?»

ጌጥ ብቻ አይደሉም። በ1881 የተጀመረው «ሆሾ» የተባለው የክብር ሜዳይ ለአንድ ሰው በድጋሚ ሲገባው ሌላ ሜዳይ አይሰጠውም፤ የብር ሳንቃ ይጨመርለታል። አምስት ሲሞሉ በአንድ ወርቃማ ይለወጣሉ።

«የ1944ቱን የታላቋ ምሥራቅ እስያ ጦርነት ሜዳይ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?»

ርካሽነቱ ራሱ ያጠራጥራል። ሜዳዩ የወጣው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ጃፓን ስትሸነፍ አብዛኛው ሳይታደል ወድሟል። የሚያውቅ ሰው በእጁ ይዞ ሳያየው አይክፈሉ። ከገዙትም አይወልውሉት።