የፖሊኖሚያሉ ዲግሪና የገጹ ጂነስ ሳይገጥሙ ሲቀሩ

ጥያቄው ይህ ነው፦ ጫፎቹ የተጋጠሙ ባለ ሁለት ክር ጉንጉን አለ። አራት አዎንታዊና አንድ አሉታዊ (በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመዘዘ) መሻገሪያ አለው፤ ሲፈታ ባለ 3 መሻገሪያው ቋጠሮ ነው። የዛይፈርት ዘዴ (ከሥዕሉ ተነስቶ ጠርዙ ቋጠሮው የሆነ ገጽ የሚሠራው) ጂነስ 2 ሰጠ፤ ጂነስ የገጹ እጀታዎች ብዛት ነው። የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል (ከቋጠሮው የሚሰላ፣ ሥዕሉ ቢለያይም የማይለወጥ) ግን ተ² − ተ + 1 ሆነ። ዲግሪው 4 መሆን አልነበረበትም ወይ?

አልነበረበትም፤ ሁለቱም ስሌቶች ልክ ናቸው። ዲግሪው ከጂነሱ እጥፍ መብለጥ አይችልም፣ ማነስ ግን ይችላል። የቋጠሮው እውነተኛ ጂነስ (ጠርዛቸው ቋጠሮው ከሆነ ገጾች ሁሉ ትንሹ ጂነስ) ከሥዕሉ ከሚወጣው ቁጥር አይበልጥም፣ ከዲግሪው ግማሽም አያንስም።

በእርስዎ ሥዕል 5 መሻገሪያና 2 የዛይፈርት ክቦች (መሻገሪያዎቹ በክሩ አቅጣጫ ተቆርጠው ሲገጠሙ የሚቀሩት) ስላሉ ጂነሱ (5 − 2 + 1) ÷ 2 = 2 ነው። (ከመሻገሪያው ብዛት ክቦቹ ሲቀነሱ ጎዶሎ ቁጥር ካልመጣ፣ ክብ ሲቆጠር ተሳስቷል፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሳው በሌላ ክብ ውስጥ ያለው ነው።) በጎረቤት መሻገሪያዎች መካከል የሚዞሩትን 4 ቀለበቶች ይውሰዱ። የዛይፈርት ማትሪክሱ (እያንዳንዱ ቀለበት ከገጹ በትንሹ ከተገፋ ቀለበት ጋር ስንት ጊዜ እንደሚጠላለፍ የሚመዘግበው) ዋና ሰያፍ −1፣ −1፣ −1፣ 0 ይሆናል፤ ወዲያው ከሰያፉ በላይ ሦስት 1 አሉ፣ የቀረው 0 ነው። ትራንስፖዙን (ረድፎቹና ዓምዶቹ የተለዋወጡበትን ማትሪክስ) በተ አባዝተው ከማትሪክሱ ሲቀንሱ ዲተርሚናንቱ ተ³ − ተ² + ተ ይመጣል። ዲግሪ የምንለው በትልቁና በትንሹ ኤክስፖነንት መካከል ያለውን ልዩነት ነው፦ 3 − 1 = 2። የተረፈው ተ ይጣላል፤ ፖሊኖሚያሉ በተ ቢባዛም እንደ አንድ ይቆጠራል።

ሰያፉ ላይ ያለችው 0 ችላ መባል የለባትም። አራተኛው ቀለበት የሚያልፍባቸው ሁለት ጥምዝ ጥብጣቦች (በየመሻገሪያው ክቦቹን የሚያገናኙት የገጹ ክፍሎች) ተቃራኒ ስለሆኑ ጥምዛቸው እርስ በርሱ ይሰረዛል፤ በመካከላቸው ባለው ክፍት ቦታ ገጹን የማይነካ ዲስክ ይገባል። ገጹን በቀለበቱ ላይ ቆርጠው ሁለቱንም ጠርዞች በዲስክ ሲደፍኑ ጂነሱ 1 ይሆናል። ከዲግሪው ግማሽ ጋር ስለገጠመ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ማትሪክሱን ሲሞሉ ዋናው ስህተት የሚመጣው አንዱን ቀለበት ከገጹ በላይ፣ ሌላውን ከገጹ በታች ገፍቶ መቁጠር ነው። ሁሉንም በአንድ ወገን ከገፉ የቱም ወገን ቢሆን ግድ የለም፤ ማትሪክሱ ወደ ትራንስፖዙ ይቀየራል እንጂ ፖሊኖሚያሉ አይለወጥም። ለማረጋገጥ በተ ቦታ 1 ያስገቡ፦ 1 ወይም −1 ካልሆነ ስህተት አለ። ኮኤፊሸንቶቹም ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት መነበብ አለባቸው።

መሻገሪያዎቹ በላይና በታች እየተፈራረቁ በሚሄዱበት ሥዕል ይህ የዲግሪና የጂነስ ክፍተት አይፈጠርም፤ የሒሳብ ሊቃውንቱ ክሮዌልና ሙራሱጊ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አረጋግጠውታል። የእርስዎ ሥዕል አይፈራረቅም። ከባዱ ሁኔታ ገጹ ከዚህ በላይ ማነስ ሳይችል ፖሊኖሚያሉ ዝም ሲል ነው፦ ባለ 11 መሻገሪያዎቹ የኪኖሺታ–ተራሳካና የኮንዌይ ቋጠሮዎች ሁለቱም የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያላቸው 1 ነው፣ ጂነሳቸው ግን 2 እና 3። የጆንስ ፖሊኖሚያልም (ሌላው ከቋጠሮ የሚሰላ ፖሊኖሚያል) አይለያቸውም። እዚያ የቋጠሮ ፍሎር ሆሞሎጂ (ከአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል የበለጠ መረጃ የሚይዝ መለኪያ) ያስፈልጋል፤ እሱ ጂነሱን በትክክል ይሰጣል።