ከባሕር ዳርቻ እስከ ሐይቅ ከተማ፦ ስለ ዓሣ እርባታ የቀረቡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ከማስገር ወደ ማርባት እየተሸጋገሩ ስለመሆናቸው አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኙት የውሃ እንስሳት 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሰው፣ ከተፈጥሮ ውሃ ከተያዙት ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጣቸውንም ጠቅሰናል። ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱን መርጠን ከዚህ በታች መልሰናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በባሕር ላይ የሚካሄደው እርባታ ባሕሩን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል እያሉ ይጠይቁኛል። ሁለቱንም የሚሉ ጽሑፎች ስለማነብ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አልቻልሁም። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ በአንድ ስም የምንጠራቸው የባሕር እርባታ ሥራዎች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚለያዩ፣ ያነበቧቸው ጽሑፎች ሁሉም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ተማሪዎችዎ ስለ አንድ እርባታ በሰሙ ቁጥር የሚረባው ፍጥረት ምን እንደሚበላ፣ ኩሱና የምግቡ ትራፊ ወዴት እንደሚሄድ፣ እርባታው የሰፈረበትም ቦታ ቀድሞ ለማን ምን ይሰጥ እንደነበር እንዲጠይቁ ቢያስለምዷቸው መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

የዛንዚባርን የባሕር አረም ልማት እንመልከት። በዚያች ደሴት አረሙን ለገበያ ማልማት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ሥራውን በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ናቸው። ባሕሩ ሲሸሽ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ወጥረው የአረሙን ቁራጮች ያስሩበታል፤ ሲያድግ ሰብስበው፣ አድርቀው ይሸጡታል። ከአረሙ የሚወጣው ማወፈሪያ ንጥረ ነገር ለአይስክሬምና ለጥርስ ሳሙና መሥሪያ ይውላል። አረሙ መኖም ማዳበሪያም የማይጠይቅ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከባሕሩ ውሃ የሚወስድ በመሆኑ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን በቀላሉ ያልፋል። ሆኖም የባሕሩ ውሃ እየሞቀ ሲሄድ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የአረም ዓይነት በበሽታ እየጠፋ፣ ሴቶቹ ወደ ጥልቁ ውሃ እንዲገቡ አስገድዷቸዋል፤ ለዚህ ደግሞ ዋናና ጀልባ ያስፈልጋል። ገዢዎች ጥቂት ስለሆኑም ዋጋውን የሚወስኑት አምራቾቹ አይደሉም። ውሃውን የማይጎዳ ሥራ ሠራተኛውን በደንብ ያኖራል ማለት እንዳልሆነ ተማሪዎችዎ ከዚህ ሊረዱ ይችላሉ።

ኦይስተርን የመሳሰሉ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረታትም ውሃውን እያጠለሉ በውስጡ ያለውን ጥቃቅን ነገር ስለሚመገቡ መኖ አይቀርብላቸውም። ነገር ግን ያጠለሉትን ተህዋስ በሰውነታቸው ስለሚያከማቹ፣ የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት ዳርቻ ከረቡ ለበላተኛው አደገኛ ይሆናሉ።

ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ሽሪምፕ በተባለው ብዙ እግር ባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ እርባታ ላይ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያና በኢኳዶር ለሽሪምፕ ኩሬ ሲባል ሰፋፊ የማንግሮቭ ደኖች ተመንጥረዋል። ማንግሮቭ ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ ሰዶ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ የብዙ ዓሦች ጫጩቶች የሚያድጉት በሥሮቹ መካከል ነው፤ ዳርቻውንም ከማዕበል ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሽሪምፕ በሽታ በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ኩሬዎች ባዶ ቀሩ፤ ባለሀብቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ደኑንም ዓሣውንም ያጣው የአካባቢው አሥጋሪ በነበረበት ቀረ።

የአሰብን መንገድ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ቀረብ የሚል ተቃራኒ ምሳሌም አለ። በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በሕርጊጎ ጎርደን ሳቶ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው፣ ቀድሞ ማንግሮቭ ባልነበረበት ዳርቻ ላይ ዛፉን አብቅለዋል። የባሕሩ ውሃ የጎደለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ስለተረዱ፣ ማዳበሪያውን በተበሳ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ከችግኙ ሥር ቀበሩት፤ ብረትም ጨመሩበት። የዛፉ ቅጠል ለፍየል መኖ ሆኗል። ለተማሪዎች ከመኖ ኬሚስትሪ ይልቅ ይህ ታሪክ ቶሎ የሚገባ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ በማስገር ሥራ የተደራጀን ወጣቶች ነን። የምናገኘው ዓሣ መጠኑም ቁጥሩም ቀንሶብናል። በባሕር ላይ በተንሳፋፊ የመረብ ኬጅ ውስጥ ዓሣ ሲረባ በቪዲዮ አይተን፣ በሐይቃችን ላይ ብንጀምረው ብለን አስበናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሐሳባችሁ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን በቪዲዮው ላይ የማይታየው ዋናው ነገር የባሕሩ ሞገድና ፍሰት ነው። በኬጅ ውስጥ ያለ ዓሣ ኩሱንና ያልበላውን መኖ በመረቡ ቀዳዳ ወደ ታች ይለቃል። በባሕር ላይ ይህን ቆሻሻ ፍሰቱ ጠርጎ ይበትነዋል፤ ይህም ሆኖ ሳልሞን የሚያረቡት ኖርዌያውያን አንድ ዙር ዓሣ ካነሡ በኋላ የባሕሩ ወለል እንዲያገግም ቦታውን ለተወሰነ ጊዜ ባዶ ያደርጉታል። የእናንተ ሐይቅ ግን ከአርድቦ ሐይቅ በአንቋርቃ ወንዝ በኩልና ከዙሪያው ተራሮች ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጹ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። እንደ ማድጋ ነው፤ ውሃው በትነት ሲቀንስ አብሮት የገባው ንጥረ ነገር ግን እዚያው ይቀራል።

በቁጥር እንየው። 10 ቶን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ለማምረት አሰባችሁ እንበል። አንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ተኩል መኖ ቢፈልግ የምታቀርቡት መኖ 15 ቶን ይሆናል። ከመኖው አንድ በመቶው ፎስፈረስ ቢሆን 150 ኪሎ ፎስፈረስ ወደ ሐይቁ ገባ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከዓሣው ሥጋና አጥንት ጋር ተመልሶ ቢወጣ፣ ወደ 75 ኪሎ የሚሆነው ውሃው ውስጥ ይቀራል። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር አልጌ፣ ማለትም ውሃን አረንጓዴ የሚያደርጉ ጥቃቅን የውሃ ዕፀዋት፣ ሊያበቅል ይችላል። አልጌው ሲበዛ ውሃው ይደፈርሳል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ በጥልቁ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሐይቃችሁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ በሞቃት ወራት ላይኛውና ታችኛው ውሃ ሳይቀላቀል ይቆያል፤ ብርድና ነፋስ ሲመጣ ግን ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያች ሌሊት በኬጅ ውስጥ የተያዘ ዓሣ እንደ ነጻው ዓሣ ሸሽቶ የሚተርፍበት መንገድ የለውም።

ሐይቁ ለለውጥ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የራሱ ታሪክ ያስረዳል። ዛሬ የምታሠግሩት ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ከዚያ በፊት ውሃው ጥርት ያለ እንደነበር የቀድሞ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ዓሣው ከገባ በኋላ ግን አልጌን ይመገቡ የነበሩ ተለቅ ያሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት እየጠፉ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ዓሣው መተዳደሪያችሁ ስለሆነ መግባቱ ስሕተት ነበር አልልም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ወደዚህ ሐይቅ ከገባ በኋላ መልሶ ማውጣት እንደማይቻል አስተውሉ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ብዙ ኬጅ ከመዘርጋታችሁ በፊት ቅድሚያ ልትሰጡት የሚገባው የማስገር ሥርዓታችሁን ነው። ትናንሽ ዓሦችን የሚይዘውን ጠባብ መረብ ብታስወግዱና ዓሣው በሚራባበት ወቅት፣ ጫጩቶቹ በሚያድጉበት ዳር ዳሩን ካላሠገራችሁ፣ መኖ ሳትገዙ ምርታችሁ ሊያንሠራራ ይችላል። ዳር ዳሩ ያለውን ደንገልና ሸንበቆም አትንቀሉት፤ በሕርጊጎ የማንግሮቩ ሥር የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው እርሱ ነው። ማርባቱን የግድ ከፈለጋችሁም ከሐይቁ ራቅ ባለ መሬት ላይ ኩሬ ብትቆፍሩ ይሻላል፤ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ በንጥረ ነገር የበለጸገ ስለሆነ ለሽንኩርትና ለጎመን ይጠጣል እንጂ ወደ ሐይቁ አይመለስም። ኬጅ ለመሞከር ከወሰናችሁ በጥቂቱ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥልቅ ቦታ ላይ፣ በሚንሳፈፍ መኖ ይሁን፤ ተንሳፋፊ መኖ ዓሣው መብላት ሲያቆም ስለሚታይ ብክነቱ ይቀንሳል። የውሃውን ጥራት ከመጀመራችሁ በፊትና ከጀመራችሁ በኋላ የሚለካላችሁ ባለሙያም ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከምርምር ማእከል ፈልጉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚጠይቀውን ፈቃድ በተመለከተ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባቶችም የሐይቁ ቀደምት ጎረቤት ናቸውና ሳይነገራቸው የሚጀመር ሥራ አይኑር።

ጥያቄ፦ የምኖረው በደላንታ ነው። አካባቢያችን ደጋና ብርዳም ነው፤ ምንጭ ግን አለን። ቆሮሶ ማርባት እንችላለን?

መልስ፦ ቆሮሶ አይሆንላችሁም። ይህ ዓሣ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፣ ወደ 16 ሲወርድ መብላቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ካርፕ የተባለው ዓሣ ብርድን የተሻለ ቢችልም በእናንተ ዘንድ እድገቱ አዝጋሚ ይሆናል። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ዓሣ በባሌ ወንዞች ተለቅቆ ተላምዷል፤ ነገር ግን ለእርባታ ሲሆን ሥጋና የዓሣ ዱቄት የበዛበት ውድ መኖ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ገበሬ አልመክረውም። ምንጫችሁን ለአትክልት ብታውሉት የተሻለ ታተርፋላችሁ።

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ በሐርቡ አካባቢ ገበሬ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ኩሬ ቆፍሬ የቆሮሶ ጫጩት ጨመርሁ። አሁን ኩሬው በዓሣ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ከእጅ መዳፍ አይበልጡም። ፉርሽካም እሰጣቸዋለሁ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለዎት ነገር የለም፤ የበዛብዎት ዓሣው ነው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና በትንሽነቱ መውለድ ይጀምራል፤ እናቲቱም እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቃቸው አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ለአንድ መቶ ዓሣ ያሰቡትን መኖ ሺህ ይሻሙበታል።

ኩሬውን አንድ ጊዜ አጠንፍፈው ያለውን ሁሉ ያውጡና ጭቃው በፀሐይ እስኪሰነጠቅ ያድርቁት። እንደገና ሲጀምሩ በአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት ጫጩት አያስበልጡ። ከተቻለ ወንዶቹን ብቻ ይጨምሩ፤ ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል። ዓሣው ሠላሳ ግራም ያህል ሲደርስ ሆዱን ገልብጠው ከጅራቱ በፊት ያለውን ስፍራ ቢያዩ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላቸው፤ መለየቱ ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል። ሌላው መንገድ ቆሮሶው ጠንከር ካለ በኋላ ጥቂት የአምባዛ ጫጩት መጨመር ነው። አምባዛው አዲስ የሚፈለፈሉትን ይበላል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶችዎ እንደማይበሉት ግን ያስታውሱ፤ ሥራው ኩሬ መጠበቅ እንጂ ገበያ መሙላት አይሁን።

ስለ መኖው፣ ፉርሽካ ብቻውን ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ የኑግ ፋጉሎ ይቀላቅሉበት። ከዚህም በላይ ርካሹ መኖ ኩሬው ራሱ የሚያበቅለው አልጌ ነው። በጥቂት በጥቂቱ የዶሮ ወይም የከብት ፍግ ሲጨምሩ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ወደ ውሃው ሲያስገቡ፣ ውሃው ክርንዎ ጋ ሲደርስ ጣትዎ መታየት ካቆመ በቂ ነው፤ ክርንዎ ሳይነካው ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፣ ያቁሙ። ማለዳ ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ካዩ ኦክስጅን አልቋል ማለት ነውና ንጹሕ ውሃ ይልቀቁላቸው፤ በዚያ ቀንም መኖ አይስጧቸው። ውሃዎን ከወንዝ የሚስቡ ከሆነ ከላይ በኩል የፋብሪካ ፍሳሽ የማይቀላቀልበት መሆኑን ያረጋግጡ።

ጫጩት ሲፈልጉ ከጎረቤት ኩሬ ከመቅዳት ይልቅ በወረዳው ባለሙያ በኩል ከባሕር ዳር ወይም ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማእከል እንዲመጣልዎ ይጠይቁ፤ ከደከመ ኩሬ የሚወጣ ትንሽ ዓሣ ጫጩት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ያረጀ ቀጫጫ ነው። የምርት ማውጫ ጊዜዎንም ፈላጊ ከሚበዛባቸው የጾም ወራት ጋር ያገጣጥሙት። በረዶ በሌለበት ዓሣ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ከማውጣት ገዢ በተገኘ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን አውጥተው ትኩሱን ይሽጡ።