እናትሽን ጂፒ ለማስመዝገብና በኦንላይን ፎርም ቀጠሮ ለማግኘት

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተው አንቺ ጋ ስለሚኖሩ በስማቸው የመጣ የመብራት ወይም የውኃ ቢል የለም፤ ጂፒው (የሰፈሩ ሐኪም ክሊኒክ) ደግሞ ያለ አድራሻ ማስረጃ አልመዘግብም ብሏል። ሁለተኛ፣ ላንቺም ቢሆን ስትደውዪ «ፎርሙን ኦንላይን ሙሉ» ብቻ ነው መልሱ፤ እሳቸው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እንዴት ይሆናል ብለሻል። የምጽፈው ስለ ኢንግላንድ ነው፤ ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ አሠራሩ ስለሚለይ እንዳያሳስታችሁ።

ምዝገባው ላይ ሪሴፕሽኗ የጠየቀችሽ ነገር ግዴታ አይደለም። ጂፒ ለመመዝገብ ፓስፖርትም፣ የአድራሻ ማስረጃም፣ የኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ቁጥርም አያስፈልግም። ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የለኝም ስላልሽ ግን ሊከለክሉ አይችሉም። የቪዛው ዓይነትም አይታይም፤ ጥገኝነት የጠየቀም ወረቀት የሌለውም ይመዘገባል። ከ24 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር በታች ለሚቆይ ጊዜያዊ ምዝገባ አለ። ጂፒው ሊከለክል የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ለምሳሌ የታካሚዎች ዝርዝሩ በይፋ ከተዘጋ፣ ወይም ቤታችሁ ጂፒው ከሚያገለግለው አካባቢ ውጭ ከሆነ። ምክንያቱንም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ስለዚህ ጭቅጭቅ አያስፈልግም፤ «የከለከላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» በይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ይፈታል።

ከሰው ጋር መነጋገር ራሱ ከሰለቸሽ፣ ከጥቅምት 2024 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም ጂፒ የኦንላይን ምዝገባ መቀበል አለበት። በኤን ኤች ኤስ ድረ ገጽ ላይ የጂፒውን ስም ፈልገሽ በዚያ ሙይላቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጂፒ ለማንም ነፃ ነው፤ ሆስፒታል ግን ሌላ ደንብ አለው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ይዘው ከቪዛው ጋር የሚጠየቀውን የጤና ክፍያ ከከፈሉ ችግር የለም። ለጉብኝት የመጣ ሰው ግን ሆስፒታል ተኝቶ ቢታከም የመደበኛውን ዋጋ 150 በመቶ ሊጠየቅ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል መታየት ብቻውን አያስከፍልም።

የምዝገባ ፎርሙ ላይ ሰው የማይጠነቀቅላቸው ነገሮች አሉ፤ በኋላ የሚያሰቃዩትም እነሱ ናቸው። ስማቸውን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ። የአባት ስም አንድ ቦታ የቤተሰብ ስም፣ ሌላ ቦታ የመሀል ስም ሆኖ ከገባ፣ ወይም የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ፊደል ከተለየ፣ አንድ ሰው ሁለት የኤን ኤች ኤስ ቁጥር ሊወጣለት ይችላል። ያኔ የደም ምርመራው ውጤት አንዱ ፋይል ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ሐኪሙ ሌላውን ከፍቶ ያያል።

የትውልድ ዓመቱ ከዚህ ይብሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁት ዓመት ሳይቀየር ከገባ እናትሽ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃሉ። ይህ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ የምርመራ ጥሪ የሚላከው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው ዕድሜ ነው። የአንጀት ካንሰር ምርመራ ከ50 እስከ 74፣ የጡት ካንሰር ከ50 እስከ 71ኛ ልደት ድረስ ነው። 68 ዓመታቸው ሆኖ 76 ተብለው ከተመዘገቡ ሁለቱም ጥሪ ይቀርባቸዋል። በተቃራኒው ደግሞ 60 የሞላው ሰው መድኃኒት በነፃ ስለሚያገኝ፣ በስህተት ያነሰ ዕድሜ የተጻፈለት ሰው በእያንዳንዱ መድኃኒት 9.90 ፓውንድ ይጠየቃል።

ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብለሽ አትለፊ። አማርኛ ብለሽ ጻፊ፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል የሚለውንም ምልክት አድርጊ። አለበለዚያ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተርጓሚ ተይዞ ቀጠሮው ይበላሻል። ስልክ ቁጥር ላይ ያንቺን የምትሰጪ ከሆነ «የልጃቸው ስልክ ነው፣ እንድታነጋግሯት ፈቅደዋል» የሚል ይጨመርበት። ፈቃዱ ካልሰፈረ አንቺ ብታነሺውም ምንም አይነግሩሽም፤ የታካሚ ምስጢር ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ጧት በ8 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ለእናትሽ ከጧቱ 2 ሰዓት በያቸው) ስልክ ላይ ተሰልፎ ቀጠሮ መሻማት እንዲቀር ተብሎ ነው ሁሉም የተቀየረው። ከግንቦት 2023 ጀምሮ ባለው ውል መሠረት ጂፒ «ዛሬ ሞልቷል፣ ነገ ጧት ደውዪ» ብሎ መመለስ የለበትም፤ በመጀመሪያው ግንኙነት ጉዳዩን መዝኖ ቀጥሎ የሚሆነውን መንገር አለበት። ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የኦንላይን ፎርሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ8፡00 እስከ 18፡30 ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ ፎርሙ 10 ሰዓት ላይ ተዘግቶ ካገኘሽው ስህተቱ የነሱ ነው። ያም ሆኖ ኦንላይን ብቸኛ መንገድ አይደለም። በስልክም በአካልም የመጣን ሰው እኩል ማስተናገድ አለባቸው፤ እናትሽ ሄደው ቢቆሙ ሪሴፕሽኗ ያንኑ ፎርም እየጠየቀች ትሞላለች። «ኦንላይን ብቻ» የሚል መልስ ትክክል አይደለም።

ፎርሙ ከተላከ በኋላ ሐኪም ወይም የሠለጠነ ሠራተኛ እያነበበ ይለያል፦ ዛሬ የሚታይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታይ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ፊዚዮቴራፒ የሚሄድ። የሚለየው ሰው ታካሚውን አያየውም፣ ፊቱ ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው። ስለዚህ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በሕመሙ ክብደት ሳይሆን በአጻጻፉ ነው። ትሕትና አብዝተን «ትንሽ ራሴን ያመኛል» ብለን እንልካለን፣ መልሱም ፓራሲታሞል ይሆናል።

እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ መቼ ጀመረ፣ የት ላይ፣ እየባሰ ነው ወይስ ያው ነው፣ ምን መሥራት ከለከላቸው (ደረጃ መውጣት፣ መተኛት፣ መብላት)፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አለርጂ አላቸው ወይ፣ ምን ያሳስባችኋል፣ ምን ትፈልጋላችሁ። «ጨጓራ» ወይም «ነርቭ» ብለሽ የበሽታውን ስም አትስጪ፤ ቦታውንና ስሜቱን ተናገሪ። ለምሳሌ፦ «እናቴ የ68 ዓመት ሴት ናቸው፣ የደም ግፊትና ስኳር አለባቸው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከምግብ በኋላ ከእምብርት በላይ ያቃጥላቸዋል፣ ሌሊት ያስነሳቸዋል፣ ክብደት ቀንሰዋል። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ይወስዳሉ። በአካል ቀጠሮ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ቢቻል ሴት ሐኪም እንፈልጋለን።» ክብደት መቀነሱን የመሰለ ነገር ከተረሳ ጥያቄው ከአስቸኳይ ወደ ተራ ይወርዳል።

በአንድ ፎርም ሦስት ጉዳይ አታጭቂ፤ አንዱ ታይቶ ሁለቱ ይጣላሉ። የሕክምና ጉዳይ በአስተዳደር ምድብ (ደብዳቤ፣ ለሥራ የሚሰጥ የሕመም ፈቃድ ወረቀት) ከላክሽው ሐኪም ሳያየው ቀናት ሊቆይ ይችላል። በትርጉም አፕ የምትጽፊ ከሆነ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን መልሰሽ ወደ አማርኛ አስተርጉሚውና አንብቢው፤ «አያመኝም» እና «ያመኛል» ተገለባብጠው የሚወጡበት ጊዜ አለ።

ፎርሙ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የትንፋሽ መቆረጥ ይጠይቃል። አዎ ስትዪ ቆም ብሎ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 999 ደውዪ ይላል። አንዳንድ ሰው ፎርሙን ለማለፍ ተመልሶ «የለም» ይላል። በጭራሽ አታድርጊው።

ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ስልኩ ላይ ነው። ጂፒ ብዙ ጊዜ የሚደውለው ቁጥሩ በማይታይ ስልክ ነው። ስልክሽ የማይታወቅ ጥሪን ዝም የሚያሰኝ ከሆነ አይጠራም፣ እነሱ አንድ ሁለቴ ሞክረው ጥያቄውን ይዘጉታል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ያንን አጥፊው። በፎርሙ ላይም ስልክ ማንሳት የማትችዪበትን ሰዓት ጻፊ። በጽሑፍ መልእክት የሚላከው የቀጠሮ ማስያዣ ሊንክ ጊዜው ስለሚያልፍ ዛሬውኑ ክፈቺው። የቴሌፎን ሥርዓታቸው አዲስ ከሆነ ደግሞ ወረፋሽ ስንተኛ እንደሆነ ይነግርሽና መልሰው እንዲደውሉልሽ ይጠይቅሻል፤ እሺ ብትዪ ወረፋሽ አይጠፋም።

አስተርጓሚው ነፃ ነው፣ መጠየቅ ያለበትም ቀጠሮ ሲያዝ እንጂ በዕለቱ አይደለም። በአስተርጓሚ መነጋገር ጊዜውን ስለሚበላ ድርብ ቀጠሮ ጠይቂ። ልጅሽን፣ በተለይ 16 ዓመት ያልሞላውን፣ አታስተርጉሚው፤ አንቺም ብትሆኚ እናትሽ ስለ ማህፀን ወይም ስለ ሽንት ባንቺ ፊት ላይናገሩ ይችላሉ። ሌላው የሚፈሩት ነገር አስተርጓሚው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የሚያውቃቸው ሰው እንዳይሆን ነው። በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ከተማ ይሁን ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ሌሊት ወደ 111 (ጂፒ ሲዘጋ የሚደወልበት የኤን ኤች ኤስ ስልክ) ሲደውሉም «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» የምትለዋን ብቻ አስጠኛቸው፤ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ።

ከኢትዮጵያ ያመጡት መድኃኒት ከማለቁ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ የፓኬቶቹን ፎቶ ከፎርሙ ጋር ላኪ፤ የንግድ ስሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ስምና ሚሊ ግራሙ ይታይ። ብዙ ጊዜ የሚያነጋግራቸው የጂፒው ፋርማሲስት ነው፤ ሐኪም ከለከሉን ማለት አይደለም። የግፊት መለኪያ ካላችሁ ጧትና ማታ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ለኩና ላኩት። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አይቆጠርም፣ ሌላውን አማካይ ያወጡታል። መለኪያ ከሌለ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብዙ ፋርማሲ በነፃ ይለካል።

ፋርማሲ ካነሳን፣ ከጥር 31 ቀን 2024 ወዲህ ፋርማሲስቱ ራሱ ለሰባት ሕመሞች፣ አስፈላጊ ሲሆን አንቲባዮቲክ ጭምር፣ መስጠት ይችላል፦ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳይነስ፣ የልጆች ጆሮ ሕመም፣ በኢንፌክሽን የቆሰለ የነፍሳት ንክሻ፣ ኢምፔታይጎ የሚባለው የቆዳ ቁስል፣ አልማዝ ባለጭራ፣ እና ከ16 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። የመጨረሻው በዕድሜያቸው ምክንያት እናትሽን አይመለከትም፤ እሳቸው በቀጥታ ወደ ጂፒ ነው።

የኤን ኤች ኤስ የስልክ አፑን በሳቸው ስም በራስሽ ኢሜይል አትክፈቺ፤ አንድ ኢሜይል ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ፓስፖርታቸውን ፎቶ ማንሳቱ አልሳካ ካለ ጂፒው ሦስት ቁጥሮች ያሉበት የመግቢያ ወረቀት ሊያወጣላችሁ ይችላል። የሚሻለው ግን የውክልና ፎርም አስሞልተሽ የሳቸው ገጽ ባንቺ አፕ ውስጥ እንዲገናኝ ማድረግ ነው፤ መድኃኒት ማዘዝ፣ ውጤት ማየት፣ ቀጠሮ መሰረዝ የመሳሰለውን ከዚያ ትሠሪያለሽ፣ ጂፒው በፈቀደልሽ ልክ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አልሆን ካለ መጀመሪያ ለፕራክቲስ ማኔጀሩ (ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ) ቀንና ሰዓት ያለበት ኢሜይል ጻፊ። ጂፒውን መጋፈጥ ካልፈለግሽ ቅሬታው ለአካባቢው የኤን ኤች ኤስ ቦርድ ይቀርባል፣ በአጭሩ አይ ሲ ቢ ይሉታል፤ ጊዜው ነገሩ ከሆነ ወይም ካወቅሽበት 12 ወር ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከቅሬታ ይልቅ እያንዳንዱ ጂፒ በውሉ ሊኖረው የሚገባው የታካሚዎች ቡድን ውስጥ መግባት የበለጠ ያስገኛል። ስብሰባው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ የሚመጣውም በጣም ጥቂት ሰው ነው። እዚያ «ፎርሙ መጀመሪያ ገጽ ላይ የአስተርጓሚ ምርጫ ይግባ»፣ «መልሳችሁ ስትደውሉ ቁጥራችሁ ይታይ» ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ሁለቱም የኮምፒዩተርና የስልክ ማስተካከያ ብቻ ናቸው፣ ተጨማሪ ሐኪም አያስፈልጋቸውም።