ባለቤቴ ለልጃችን አልጋ መግዛት አይፈልግም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ትንሿን ክፍል ለልጁ ላዘጋጅ ብዬ ታይዋን ገበያ አንድ አልጋ አየሁ። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ፣ ዙሪያውን ትራስ ያለው፣ በጣም የሚያምር ነው። ባለቤቴ ግን “አቦ ተይኝ፣ ይወለድና ይደርሳል” ይላል። ፎቶውን እንኳ አያይም። ክፍሉም ሊያርሱኝ ከሐረር ለሚመጡት እናቱ ነው አለ። ባለፈው ዓመት በአምስተኛ ወሬ አስወርዶኝ ነበር፤ ያኔ ከጎኔ አልተለየም። አሁን ግን ልጁን የሚፈልገው አልመስለኝ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አልጋው ብዙ ጽፈሻል። ስለ ባለፈው ዓመት ግን በአንድ መስመር አልፈሻል። እኔ እዚያ መስመር ላይ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ቤታችሁ የመጣ ሰው ሁሉ “ፈጣሪ ይካስሽ” ያለው አንቺን ነው። አጥሚቱም የተሠራው ለአንቺ ነው፤ የሚገባሽም ነበር። እሱንስ ማን ጠየቀው? ብዙ ወንድ እንዲህ ባለ ጊዜ ሚስቱን ደግፎ ይቆማል፤ ስለ ራሱ ትንፍሽ ሳይል በማግስቱ ሥራ ይገባል። ሌላ እርግዝና ሲመጣ ያ ያልተነገረ ሐዘን ፍርሃት ሆኖ ብቅ ይላል። “ይወለድና ይደርሳል” ማለት “እንደገና ባጣውስ?” ማለት ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምቴ ነው። ባለቤትሽን አላነጋገርኩትም፤ ያስጨነቀው ገንዘብም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁን የማይፈልግ ሰው፣ አራስ ጠያቂ እናቱ የት እንደሚያድሩ ከአሁኑ አያስብም።

ስለዚህ “ልጁን አትፈልገውም ወይ?” አትበይው። ይህ ክስ ነው፤ መልሱም ጠብ ነው። ፎቶውንም ለጊዜው ተዪው። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ዞር ዞር እያላችሁ፣ መጀመሪያ የራስሽን ፍርሃት ንገሪው። እንዳለብሽ እርግጠኛ ነኝ፤ ዕቃ ዕቃ የሚያሰኝሽም ከፊሉ እሱ ይመስለኛል። ከዚያ “ያለፈው ጊዜ አንተንስ ምን አደረገህ?” በይው። “ምንም” ካለሽ አታጨናንቂው። ጥያቄው አብሮት ያድራል፤ ሌላ ቀን ራሱ ያነሳዋል። ፍርሃቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚያስለቅስሽ ወይም እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ለአዋላጇ ንገሪያት።

በክፍሉስ ለምን ትጣላላችሁ? የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ጨቅላ ቢያንስ እስከ 6 ወሩ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ነው። ትንሿን ክፍል ለአማትሽ ስጪ። ሌሊት ስትጠሪያቸው ቅርብ መሆናቸው ከየትኛውም የቤት ዕቃ በላይ ይጠቅምሻል።

ስለ ዕቃ መምረጥ ሙያዬ ባይሆንም፣ ያንን አልጋ እኔ አልገዛውም። ጎናቸው የሚወርድ አልጋዎች መያዣቸው እየላላ ሕፃናትን ስላጣበቁና ስለገደሉ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 መሸጣቸውን ከልክላለች። ዙሪያውን ያለው ትራስም ለዓይን እንጂ ለልጅ አይሆንም፤ ሊያፍነው ይችላል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ አየር ይዘጋበታል። ጎኑ የማይንቀሳቀስ፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀላል አልጋ ይበቃል። ፍራሹ ጠንከር ያለና ከአልጋው ጋር ልክክ የሚል ይሁን፤ የመጣበትን ላስቲክ አውልቂለት። ትራስና አሻንጉሊት አያስፈልገውም። በጀርባው አስተኚው።

አጎበር ግን እንዳይቀር። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ድሬዳዋ ገብቶ ነበር። ትንኟ የምትናከሰው ቀን ስለሆነ፣ ልጁ ቀን ሲተኛም አጎበሩ ይዘርጋ።

የሕፃን ጋሪ ይቆይ፤ የአማትሽ ጀርባና አንቀልባ አለ። የልጁ ልብስ፣ ዳይፐርና አጎበር ከመውለድሽ በፊት ቤት ይግቡ፤ ለዚህ እሱም እምቢ የሚል አይመስለኝም። አልጋውን ደግሞ አብራችሁ መርጣችሁ ቀብድ ክፈሉና ሱቁ ይቆይላችሁ። ከሆስፒታል የምትወጪ ቀን እሱ በባጃጅ ጭኖ ያመጣዋል።