በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል ላይ በ«አዝ» (AS) ለኮለም (ለዓምድ) የወጣ ስም የት ይሠራል፣ የት አይሠራም?

ጥያቄህ የፒያሳው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሽያጭ ሪፖርት ላይ ነው፤ ዋጋን በብዛት አባዝተህ «አዝ ጠቅላላ» ብለኸዋል፣ ረድፎችን በሚያጣራው ዌር ላይ «ጠቅላላ ከ5000 የሚበልጥ» ስትለው ግን ዳታቤዙ ፖስትግሬስ እንዲህ የሚባል ኮለም የለም ይልሃል። የፊደል ስህተት አትፈልግ፤ ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው።

የሚታዩትን ኮለሞች የሚመርጠውን ሰሌክትን ቀድመን ብንጽፈውም ተራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፦ ፍሮም (ሰንጠረዡን የሚያመጣው)፣ ዌር፣ ግሩፕ ባይ (ረድፎችን በቡድን የሚሰበስበው)፣ ሃቪንግ (ቡድኖቹን የሚያጣራው)፣ ከዚያ ሰሌክት፣ መጨረሻ ላይ ኦርደር ባይ (የሚደረድረው)። ዌር ረድፎቹን ሲያጣራ «ጠቅላላ» የሚለው ስም ገና አልወጣም። ስለዚህ ማባዛቱን ዌር ውስጥ ድገመው፤ ለእንዲህ ያለ አጭር ስሌት ይበቃል። ቫትና ቅናሽ የገባበት ረጅም ስሌት ከሆነ ግን ሙሉ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የጻፍከውን ጥያቄ) በቅንፍ ፍሮም ውስጥ አስገባና ከውጭ አጣራ፤ የቫቱ መጠን ቢቀየር የምታርመው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ለቅንፉም ስም አውጣለት፤ ከ16 በፊት ያሉት የፖስትግሬስ ስሪቶች ያለ ስም አይቀበሉትም።

ኦርደር ባይ ላይ «ጠቅላላ» ብቻውን ይሠራል። ከሌላ ነገር ጋር ደምረህ ወይም አባዝተህ ከጻፍከው ግን ፖስትግሬስ ያንኑ ስህተት ይመልስልሃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስህተት ሳያሳይ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ነው። «ቀን» የሚባለውን ኮለም በዴት ትራንክ ወደ ወር ቆርጠህ እንደገና «አዝ ቀን» አትበል። ስሙ ከዋናው ኮለም ጋር ሲገጥም ግሩፕ ባይ የሚይዘው ዋናውን ነው፣ ኦርደር ባይ ደግሞ አዲሱን። ለሴፕቴምበር አንድ ድምር ስትጠብቅ በየቀኑ ሽያጭ ካለ 30 ረድፍ ይመጣል፣ ሁሉም ላይ ሴፕቴምበር 1 ተጽፎ። «የሽያጭ_ወር» በለውና ትገላገላለህ። (ዴት ትራንክ የሚቆርጠው በፈረንጅ ወር ነው፤ አለቃህ የመስከረምን ሽያጭ ከፈለጉ ቀኑን ቀድመህ ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር አለብህ።)

በአማርኛ መሰየምህ ጥሩ ነው፣ ቀጥልበት። ብቻ የፖስትግሬስ ስም ከ63 ባይት አያልፍም፣ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት) አንዱ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ከ21 ፊደል በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ካለ በድርብ ጥቅስ ክበበው። ነጠላ ጥቅስ ፖስትግሬስ አይቀበልም። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ሰሌክት ላይ ይቀበልሃል፣ ኦርደር ባይ ላይ በነጠላ ጥቅስ ስትደግመው ግን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ስለሚቆጥረው ምንም ሳይደረድር ያልፈዋል።

«አዝ» ብዙ ጊዜ ቢዘለልም ይሠራል፣ አንተ ግን ኮለም ላይ ሁልጊዜ ጻፈው። በ«ዋጋ» እና በ«ብዛት» መካከል ኮማ ከረሳህ ዳታቤዙ ዋጋን «ብዛት» ብሎ ይሰይምልሃል፤ አንድ ኮለም ይጎድላል፣ የቀረውም ስሙ የተሳሳተ ይሆናል፣ ስህተት የሚል መልእክት ግን አታይም። በየቦታው «አዝ» የመጻፍ ልማድ ካለህ፣ የሌለበትን ስታይ ኮማው እንደጠፋ ወዲያው ትጠረጥራለህ።